ካፌ ውስጥ «ራስቲክ»፣ ቤት ውስጥ «ድሃ»

ባለፈው ክረምት ቦሌ አካባቢ አዲስ የተከፈተ ካፌ ገብተን ነበር። አንደኛው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በአሮጌ በር ተሸፍኗል። ቀለሙ የተላላጠ፣ የመቀርቀሪያው ቦታ የተቦረቦረ፣ አንዳንዱ ላይ ማጠፊያው ሳይነቀል የቀረ። አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ ስልኳን አውጥታ አምስት ስድስት ፎቶ አነሳች። «ራስቲክ ነገር ስወድ!» አለች። ማኪያቶው እኛ ሰፈር ከሚጠጣው ሦስት እጥፍ ነበር። ከፈልን።

ይቺው ጓደኛዬ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብላ ቤቴ መጥታ አልጋዬን አይታዋለች። የአልጋዬ ራስጌ አሮጌ በር ነው። እግሮቹ ከፈረሰ ቤት የወጣ የጽድ ቋሚ ናቸው። ያኔ ያለችኝን አልረሳሁትም፦ «ውይ፣ ብር ስታገኚ ትቀይሪዋለሽ አይደል?»

ሁለቱም በር ነው እኮ። ሁለቱም አሮጌ ነው፣ ሁለቱም ከሆነ ሰው ቤት ተነቅሎ የመጣ ነው። ልዩነቱ የካፌውን በር የሰቀለው ሰው ብር እያለው መስቀሉ ነው። ብር ያለው ሰው አሮጌ እንጨት ሲያስገባ «ቴስት አለው» ይባላል። እኔ ሳስገባ «አይዞሽ፣ ያልፋል» እባላለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ልጣላ ነው የመጣሁት። ከጓደኛዬ ጋር እንኳን አይደለም፤ እሷ ይህን ጽሑፍ ቀድማ አንብባ ስቃለች። የምጣላው አዲስ ችፑድ ክብር ነው፣ አሮጌ ጣውላ ውርደት ነው ከሚለው እምነታችን ጋር ነው። ይህ እምነት ብዙዎቻችንን ዕዳ ውስጥ ከቷል። ስንቱን ደግሞ «ዕቃ ሳላሟላ እንዴት ጎጆ እወጣለሁ» እያሰኘ እናቱ ቤት አስቀርቶታል።

የሌለኝ መኝታ ቤት

የምኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አራት በሦስት ተኩል። እውነቱን ለመናገር መኝታ ቤት የለኝም፤ ያለኝ አልጋ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ሳሎን ነው፣ በሩ ጥግ ኩሽና ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ቤት ቀይሬያለሁ። ይህን ከምታነቡት መካከል «ይቺ ደግሞ እኔን ነው እንዴ የምትለው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ታዲያ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ገበያው የሚያቀርበው ምንድን ነው? «ሙሉ የመኝታ ቤት ዕቃ»። አልጋ፣ ሁለት ኮመዲኖ፣ ባለ አራት በር ቁምሳጥን፣ መስታወት ያለው መኳኳያ ጠረጴዛ። ሁለት ኮመዲኖ! የአልጋዬ አንድ ጎን ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነው። ሁለተኛውን ኮመዲኖ የት ላስቀምጠው? ጣሪያ ላይ?

ግን ገዛሁ። ሙሉውን ባልችልም አልጋውንና ቁምሳጥኑን ገዛሁ። የአሥራ ስምንት ወር ዕቁብ ነበረን፣ ሁለተኛው ዕጣ ለእኔ ወጣ፣ ብሩ እንዳለ እንጨት ሥራ ቤት ገባ። ዕቃው የመጣ ቀን ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየልኝ። ጥቁር ቡኒ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ወርቅ የሚመስል እጀታ አለው። ፎቶ አንስቼ ስቶሪ ላይ አደረግሁት። ዕድሜ ልኬን የምኖርበት መስሎኝ ነበር።

ዓመት ከሁለት ወር እንደሞላ አከራዬ ቤቱን ለልጃቸው ፈለጉትና ወጣሁ። አይሱዙ ላይ ሲጫን የቁምሳጥኑ በር ከነማጠፊያው ተገነጠለ። አዲሱ ቤት ገብተን መልሰን ልንገጥመው ስንል ብሎኑ ገብቶበት የነበረው ቀዳዳ ዱቄት ሆኗል። ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞራል፣ የሚይዘው ነገር የለም። አልጋው ትንሽ ሰነበተ። በክረምቱ ግን ከወለሉ ርጥበት ገባበትና እግሩ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ አበጠ። የቁምሳጥኑ በር ከተገነጠለ በኋላ ሌላ ሦስት ወር ዕቁብ ከፍያለሁ። ለሌለ በር።

ሻጩን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ዕቃው ራሱ እንዲህ ነው። ችፑድ ማለት የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨፍልቆ ነው። ኤምዲኤፍ ደግሞ ከዚያ የላመ። ላዩ ላይ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት ይለጠፍበታል። አዎ፣ የእንጨት ፎቶ። አንድ ቤት ገብቶ ሳይነቃነቅ ለሚኖር ሰው ያገለግል ይሆናል። ለሚፈታ፣ ለሚጫን፣ ለሚገጠም ኑሮ ግን አልተሠራም። አንዴ የወጣ ብሎን ሁለተኛ አጥብቆ አይይዝም። ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም።

ሽታውም አለ። ዕቃው አዲስ ሲገባ ዓይን የሚቆጠቁጠውን ሽታ «የአዲስ ዕቃ ሽታ» ብለን እንወደዋለን። ይህን ሰሌዳ የሚያጣብቀው ሙጫ አብዛኛውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ የፈረጀው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። መጠኑ ከዕቃ ዕቃ ይለያያል፣ ማስፈራራት አልፈልግም። ግን ተከራይ ከሆናችሁ አስቡት፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ አንድ ነው፣ እሱንም ለሌባ ብለን ዘግተነው እንተኛለን።

እንጨት ማለት

ሁለተኛ ጊዜ አልጋ ሲያስፈልገኝ ዕቁብም አልነበረኝም፣ ዓይንም አልነበረኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለምን ምናለሽ ተራ አትሄጂም?» አለኝ። ስቄ ዝም አልኩ። ምናለሽ ተራ ለእኔ ጠርሙስና ጄሪካን የሚሸጥበት፣ የመርካቶ መጨረሻው ጥግ ነበር። ሰው ቢያየኝስ ብዬ መጀመሪያ የሄድኩት ኮፍያ አድርጌ ነው። ይኸው እዚህ ላይ ልናዘዝ።

አዲስ አበባ እያፈረሰች የምትሠራ ከተማ ናት። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አይተናል፤ ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በኋላ ስንት ሰፈር ተነሥቷል። ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮውም፣ በሩም፣ መስኮቱም፣ ጣውላውም ገዢ አለው። የፈረሰ ቤት ዕቃ የተከመረባቸው ቦታዎች መርካቶም አሉ፣ በየሰፈሩም አሉ። እኛ በአጠገባቸው ስናልፍ ቆሻሻ ነው የምናየው። አናጢ ሲያልፍ ሌላ ነገር ያያል።

ያየሁት በአንድ አናጢ ዓይን ነው። የድሮ ሰፈራችን ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ክምሩ ውስጥ ገብተው አንዱን አመድ የመሰለ እንጨት ጎትተው አወጡና ጫፉን በቢላ ፋቅ አደረጉት። ውስጡ ቀላ ያለ ነው። አፍንጫዬ ሥር አድርገው «አሽትቺው» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ጽድ ነበር።

«ይሄንን አዲሱን ፈልጊ ብልሽ ከየት ታመጪዋለሽ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር የእንጦጦ ጽድ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ ተመናመነ። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የገባውም ከተማዋ የእንጨት ያለህ ስላለች ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ደግሞ ጽድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። እንግዲህ አስቡት። እኛ «የድሃ ቤት» ብለን የምናልፈው የጭቃ ቤት ቋሚው ዛሬ እንደልብ የማይገኝ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ጽድ ምስጥን የሚቋቋም እንጨት ነው፤ ለአጥርና ለቤት ቋሚ ሲመረጥ የኖረው በዚህ ነው። ዋንዛ ከበሮ የሚፈለፈልበት እንጨት ነው። ይህን ትተን በሙጫ ለተጨፈለቀ ፍቅፋቂ ዓመት ተኩል ዕቁብ እንከፍላለን።

ሌላም ጥቅም አለው። ሠላሳ አርባ ዓመት ጣሪያ ሥር የኖረ እንጨት ደርቋል። መጣመም ካለበት ተጣሟል፤ ጣጣውን ጨርሶ ነው የሚመጣላችሁ። ከገበያ የሚገዛ አዲስ ጣውላ ግን ብዙ ጊዜ እርጥቡን ነው። ቤታችሁ ገብቶ ሲደርቅ ነው ጠባዩ የሚወጣው።

ሚስማሩን ንቀይ

ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ያለውን አውቃለሁ። ፈረንጁ ጋራዥ አለው፣ ጋራዡ ውስጥ ዓይነት በዓይነት ማሽን አለው፣ ፓሌቱን ከጎረቤት ሱቅ በነፃ ያመጣል፣ በአንድ ደቂቃ አልጋ ይሆናል። እኔ ጋራዥ የለኝም። አከራዬ ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መዶሻ አይፈቅዱም። ስለዚህ የኛን አገር መንገድ ልንገራችሁ።

ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ጉጠትና መዶሻ ሰጡኝ። «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ሚስማሩን ንቀይ፣ ስለ አልጋው ከዚያ በኋላ እናወራለን» አሉኝ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሚስማር ነቀልኩ። ቀልድ አይደለም፤ ማሽን ቤት ሚስማር ያለበት እንጨት ይዛችሁ ብትሄዱ ያባርሯችኋል። አንድ የተደበቀች ሚስማር ምላጩን ትሰብራለች። ማሽን ቤት ማለት ሰፈር ውስጥ ያለው፣ ጣውላ አምጥታችሁ በክፍያ የሚቆርጥላችሁና የሚልግላችሁ ቤት ነው። እሱ ካለ ጋራዥ አያስፈልግም።

ስትመርጡ ሚስማር ይዛችሁ እንጨቱን ወጋ ወጋ አድርጉት። እንደ ቂጣ ከገባ በስብሷል፣ ተዉት። ጥቃቅን ቀዳዳ ካለውና መታ ስታደርጉት ደቃቅ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ ገና ውስጥ አለ፣ እሱንም ተዉት። አርማታ የተሞላበት ጣውላ ርካሽ ነው፣ ግን ሲሚንቶው መላጊያ ያበላሻል፤ ማሽን ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ። ፓሌት ካገኛችሁ ማኅተሙን እዩ። «ኤችቲ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉበት በሙቀት የታከመ ነው፣ ውሰዱት። «ኤምቢ» የሚል ከሆነ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነው፣ ከምትተኙበት አርቁት። የቆየ የዘይት ቀለም ያለበትን በር በደረቁ አትፈግፍጉ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ አቧራው ለልጆች መርዝ ነው። አርጥባችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ውጭ ሥሩት።

ትኋንስ? ሁሉም የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ አሮጌ እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ትኋን ይደበቃል። መድኃኒቱ ሙቀት ነው። ጋሼ ጓሮ ውስጥ በርሜል ውሃ አፍልተን እያንዳንዱን ስንጥቅና መጋጠሚያ አጠጣነው፣ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋለ። ላዩ ሲላግ ደግሞ የሚደበቅበት ስንጥቅ እየቀነሰ ይሄዳል። ልጨምርላችሁ፤ ትኋን አዲስ ዕቃም ላይ ይወጣል፣ ማንነት አይጠይቅም።

አልጋው ሜትር ከሃያ ነው። አራት እግር ከጽዱ፣ የጎን እንጨቶች ከሞራሌ፣ ርብራቡ ከጣሪያ ጣውላ፣ ራስጌው በሩ። ዋናው ነገር መጋጠሚያው ነው። አንድም ቦታ ጎኑን ከእግሩ ጋር በሚስማር አልመታንም። በረጅም ብሎን ከነዳዶው ነው የታሰረው። ቤት ስቀይር በአንድ ቁልፍ በሃያ ደቂቃ እፈታዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፣ ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለተከራይ ከዚህ የተሻለ ዲዛይን የለም። የቀድሞው የጠፍር አልጋችንም እኮ እንዲህ ነበር። ጠፍሩ ሲላላ ይጠበቃል፣ ሲበጠስ ይቀየራል፣ እንጨቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ኮመዲኖዬ ሁለት የቲማቲም ሳጥን ነው፣ ተላግቶና ቫርኒሽ ተቀብቶ። ቁምሳጥን የለኝም፤ በሁለት ጣውላ መካከል የብረት ቧንቧ አለ፣ ፊቱ መጋረጃ ነው። የጋሼን የእጅ ዋጋ፣ ብሎኑን፣ ቫርኒሹን፣ ማሽን ቤቱን፣ የጋሪውን ሁሉ ደምሬ ለአልጋው ያወጣሁት ከዚያ ካበጠው የችፑድ አልጋ ዋጋ ግማሹን አይሞላም። «በነፃ ነው» ብላችሁ አትምጡ። አናጢ ይበላል፣ የእጁ ይከፈለው።

የእማዬ ክርክር

እስካሁን ካነበባችሁት የበለጠ ከባድ ክርክር ያቀረበችልኝ እናቴ ናት።

እማዬ አልጋውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ቁጭ አላለችበትም። «አንቺ፣ እኔ መደብ ላይ ነው ያደግሁት» አለች። «ጭቃ መደብ፣ ላዩ ላይ ሰሌን። ከዚያ ለመነሣት ስንት ዓመት ልብስ አጠብኩ መሰለሽ? ልጄ ተምራ፣ ደመወዝተኛ ሆና፣ የፈረሰ ቤት በር ላይ ተኛች ሲሉኝ ምን ልበል?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ካፌውን የምጠላው በእሷ ምክንያት ነው። «ራስቲክ» የሚለው ቃል ጭስ የገባበት ግድግዳ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተላላጠ በር ደስ እንደሚል ነገር እንዲታይ ያደርጋል። ደስ የሚለው ግን በውስጡ ላልኖረ ሰው ነው። ያን በር ክረምት ከበጋ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው አለ። ሰፈሩ ሲነሣ የት እንደሄደ ካፌው አይጠይቅም፣ እኛም ማኪያቶ እየጠጣን አንጠይቅም። የእኔን ራስጌ የገዛሁት ግማሹ የጠፋ ቀይ የቀለም ምልክት እያለበት ነው። ይፈርሳል ተብሎ የተመለከተ ቤት በር ነው። የማን እንደነበረ አላውቅም። ምልክቱን ጋሼ ሊልጉት ሲሉ ተዉት አልኳቸው፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሮ እዚያው አለ። ውብ ስለሆነ አይደለም የተውኩት። የሆነ ሰው ቤት እንደነበረ እኔ ራሴ እንዳልረሳ ነው።

ግን እማዬንም እሞግታታለሁ፣ በአክብሮት። እማዬ የሸሸችው ከብርድ፣ ከርጥበት፣ ከቁንጫ ነው። እንጨት አላሳደዳትም። የእኔ አልጋ ከወለል ከፍ ብሎ ደረቅ ነው፣ አይነቃነቅም፣ ዕዳ የለበትም። በርጥበት አብጦ የፈረሰው የድሃ አልጋ የትኛው ነው? የወርቅ እጀታ የነበረው አይደል? ለእሱ ነው ዓመት ተኩል የከፈልኩት፤ ለእሱ ነው ሁለት ጊዜ ቤት ኪራይ ያዘገየሁት። ድህነት ከእንጨቱ መልክ ላይ ቢነበብ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የሚነበበው ከዕዳው ላይ ነው። ያብረቀርቃል ብለን ስንገዛው ደግሞ አከራይም፣ ጎረቤትም፣ የሠርግ ሽማግሌም አያየው ይሆናል፤ እኛ ግን ወር ሲደርስ እናየዋለን።

ሽማግሌ ካነሣሁ አይቀር። ስንት ጥንድ አውቃለሁ መሰላችሁ፣ ተፋቅረው፣ ተስማምተው፣ ሥራ እያላቸው፣ «ሙሉ ዕቃ» እስኪገዛ ብለው ሁለት ሦስት ዓመት የሚጠብቁ። ሲጠብቁ ዋጋው ይጨምራል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ ከውጭ በሚገባ ነገር ላይ ዋጋ እንዴት እንደሮጠ የማያውቅ የለም። አንዱ በአንድ ቅዳሜ አልጋ ቢሠራ፣ ሌላዋ በሁለተኛው ቅዳሜ መደርደሪያ ብትሠራ፣ ቤታቸው በሁለት ወር ይቆማል። ግን «ምን ይሉናል» አለ። «ምን ይሉናል» የሚባለው ሰውዬ ኪራይ ከፍሎላችሁ ያውቃል?

እማዬ በፋሲካ መጥታ አደረች። አልጋውን ለእሷ ለቅቄ መሬት ተኛሁ። ጠዋት ቡና ስናፈላ ምንም አላለችም። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «አይንቀጫቀጭም» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ነጭ ቀለም ብትቀቢው ግን» አለች። አልቀባሁትም፤ ገና እየተከራከርን ነው።

እናንተስ? አልጋ ካስፈራችሁ በኮመዲኖ ጀምሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሜትር፣ አንድ ሚስማርና አሮጌ ጫማ ይዛችሁ ውጡ። የምታውቁት አናጢ ከሌለ ማሽን ቤት ደጃፍ ላይ አይጠፋም፤ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኮፍያ ግን አታድርጉ። እኔ አድርጌ የሄድኩ ቀን እዚያው ክምር መካከል አለቃዬን አገኘኋቸው። መስኮት እየመረጡ ነበር፤ እሳቸውም ኮፍያ አድርገዋል።